ሽማግሌው ሲሄድ ዋሱ ማን ነው?

ካዛንቺስ ሳይፈርስ፣ ከኢሲኤ ጀርባ በነበረው ግቢያችን ሁለት ጎረቤታሞች በአንዲት አሸንዳ ተጣሉ። ክረምት በመጣ ቁጥር የሰውየው የጣራ ውኃ የሴትየዋን ወጥ ቤት ያጥለቀልቃል። ነገሩ ከስድብ አልፎ ድንጋይ መወራወር ሲደርስ ሽማግሌ ተጠራ፤ ከእሱ ወገን ሁለት፣ ከእሷ ወገን ሁለት፣ አምስተኛው ሁለቱም የሚያከብሯቸው ጡረተኛ መምህር። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ በዱካና በተገለበጠ የቢራ ሣጥን ላይ ተቀምጠው ሲያዳምጡ ዋሉ። ልጅ ነበርኩና ጥግ ይዤ አያለሁ። በመጨረሻ እሱ አሸንዳውን ሊያስቀይር፣ እሷ የሰበረችበትን መስኮት ልትከፍል ተስማሙና ተሳሳሙ። ያለቀ መስሎኝ ልነሳ ስል መምህሩ ወደ ሰውየው ዞረው «ዋስህ ማን ነው?» አሉት። ግራ ቀኙን አየና በር ላይ ቆሞ የነበረውን ባለሱቅ በዓይኑ ለመነው። ባለሱቁ «እኔ አለሁ» አለ።

ሐምሌ ገባ፤ አሸንዳው እንዳለ ነው። አንድ ጠዋት ባለሱቁ ሱቁን ቆልፎ መጣና በሰውየው ደጃፍ ቆመ። ዳቦና ስኳር የፈለገ ሁሉ «ለምን ተዘጋ?» እያለ ወደዚያ በር ይጎርፍ ጀመር፤ ሰፈሩ በሙሉ በዱቤ የሚኖረው ከዚያ ሱቅ ነውና። ሳይመሽ አዲስ ቆርቆሮ ተገዝቶ አሸንዳው ተቀየረ።

ያቺን የመምህሩን ጥያቄ ከዚያ ወዲህ በየዜናው ስፈልጋት ኖሬያለሁ። የእርስ በርስ ጦርነት ይነሣል፣ ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ አንድ የውጭ አገር «ላደራድር» ይላል፣ ልዑካን በሆቴል ይሰበሰባሉ፣ ይፈረማል፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ፎቶ ይነሣሉ። እኛም ከአራት ኪሎ እስከ ስታዲየም በየቡና ቤቱ «አሜሪካ ትሻላለች፣ የለም ኬንያ ትቅረብ፣ ኳታርስ ምን አላት?» እያልን እንከራከራለን። ክርክራችን ሁሉ የሚሽከረከረው በአንድ ነጥብ ዙሪያ ነው፦ አደራዳሪው ገለልተኛ ነው ወይስ አይደለም? በእኔ እምነት ይህ ጥያቄ ሁለተኛ ነው። የመጀመሪያው፣ ሽማግሌው ሻንጣውን ይዞ ወደ አገሩ ሲመለስ ለተፈረመው ቃል ማን ተይዞ ይቀራል የሚለው ነው።

አማርኛ ለዚህ ሥራ አንድ ቃል ብቻ አልሰጠም። ገላጋይ ዱላ የተማዘዙትን መሐል ገብቶ ይለያል፤ ማን ጀመረው ብሎ አይጠይቅም። አስታራቂ ሽማግሌ ያዳምጣል፣ ይገሥጻል፣ ይማጠናል፤ እሺታው ግን የባለጉዳዮቹ ነው። የዘመድ ዳኛ ይፈርዳል፣ ፍርዱም ያስገድዳል። ዋስ ደግሞ ራሱን ያስይዛል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237 ራሱ ግልግሉንና ዕርቁን ለየብቻ አስቀምጧቸዋል። ወደ አገር ጉዳይ ስንመጣ ግን ሁሉንም «አደራዳሪ» በምትል አንዲት ቃል እንጠቀልላቸዋለን። አንዱ መንግሥት ያቀረበው አዳራሽና መኝታ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ሌላው ረቂቁን ይጽፋል፤ ሦስተኛው ከበስተ ጀርባ ዕርዳታና ማዕቀብ ይዞ ይቆማል። የትኛው ምን እንደያዘ ካልለየን ማንን በምን እንደምንጠይቅም አናውቅም።

አዲስ አበባ ለዚህ ጉዳይ ባዕድ ከተማ አይደለችም። ካደግኩበት ግቢ በእግር ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚርቀው የአፍሪካ አዳራሽ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት ነው። ያን ዕለት የተፈረመው ቻርተር በአባል አገሮች የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ መግባትን ከልክሏል። ከቅኝ ግዛት ገና ለተላቀቁ መንግሥታት ክልከላው ጋሻ ነበር፤ በራሳቸው መንግሥት ለሚጨፈጨፉ ሕዝቦች ግን የተዘጋ በር ሆነ። የአፍሪካ ኅብረት ሲተካው በመቋቋሚያ ሕጉ አንቀጽ 4 ላይ የጦር ወንጀል፣ የዘር ማጥፋትና በሰብዓዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል ሲኖር ኅብረቱ ጣልቃ የመግባት መብት እንዳለው ጻፈ። የኅብረቱ ዋና መሥሪያ ቤት የቆመው የቀድሞው «ዓለም በቃኝ» እስር ቤት በነበረበት ቦታ ላይ ነው። በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል፤ «የውስጥ ጉዳይ» ተብሎ ከተዘጋ በር ጀርባ ስንት ሰው እንዳለቀ ያ መሬት ያውቃል።

ኅዳር 18 ቀን 2013 ዓ.ም. ሦስት አንጋፋ አፍሪካውያን፣ የሞዛምቢኩ ጆአኪም ቺሳኖ፣ የላይቤሪያዋ ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍ እና የደቡብ አፍሪካው ካሌማ ሞትላንቴ፣ የኅብረቱ ልዩ መልእክተኞች ሆነው አዲስ አበባ ላይ ከጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ጋር ተገናኙ። የትግራዩ ጦርነት ገና ወር አልሞላውም ነበር። አቀባበሉ የክብር ነበር፤ መንግሥት ግን ዘመቻውን «ሕግ ማስከበር» ብሎት ስለነበር ከሕወሓት ጋር ለመደራደር ፈቃደኛ አልሆነም። በማግሥቱ የመከላከያ ሠራዊት መቀሌን መቆጣጠሩ ተነገረ።

ያው ኅብረት፣ እንደዚያው ሦስት አንጋፋ ሰዎች፣ በሌላ ቀን ሌላ ውጤት አመጡ። የናይጄሪያው ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ፣ የኬንያው ኡሁሩ ኬንያታ እና የደቡብ አፍሪካዋ ፉምዚሌ ምላምቦ ንጉካ የመሩት ድርድር ጥቅምት 15 ቀን 2015 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ተጀመረና ጥቅምት 23 ቀን በፕሪቶሪያ ግጭትን በዘላቂነት የማቆም ስምምነት ተፈረመ። ጦርነቱ ሁለተኛ ዓመቱን ሊደፍን አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። በመንግሥት በኩል አምባሳደር ሬድዋን ሁሴን፣ በሕወሓት በኩል አቶ ጌታቸው ረዳ ፈረሙ፤ የተባበሩት መንግሥታት፣ ኢጋድና አሜሪካ በታዛቢነት ተቀምጠው ነበር።

በሁለቱ ቀኖች መካከል የተለወጠው ምንድን ነው? የሽማግሌዎቹ ብልሃት አይመስለኝም። ሰርሊፍና ቺሳኖ ከኦባሳንጆ ያነሰ ልምድ አልነበራቸውም። የተለወጠው የተዋጊዎቹ ጉልበት ነው። አንዱ ወገን ነገ አሸንፋለሁ ብሎ ካመነ ሽማግሌ እንቅፋት ነው፤ ሁለቱም መቀጠሉ ከመስማማት ይልቅ እንደሚያስከፍላቸው ሲገባቸው ግን ሽማግሌ መውጫ ደረጃ ይሆናል። የድርድር ባለሙያዎች ይህን ጊዜ «የበሰለ» ይሉታል። ቃሉ ያመኛል፤ ያ ፍሬ እስኪበስል የተከፈለውን ሳስብ ልቤ ይደማል። ኦባሳንጆ ራሳቸው በኋላ የሟቾቹን ቁጥር 600 ሺሕ ገደማ አድርሰው ተናግረዋል። የኅዳር 2013ቱ ልዑካን ቢደመጡ ከእነዚህ ስንቱ ዛሬ በሕይወት ይኖር ነበር?

ፕሪቶሪያ ጠመንጃውን ዝም አሰኝቷል፤ ይህን ማቃለል በትግራይ፣ በአማራና በአፋር እናቶች ላይ መቀለድ ነው። ባንክ ተከፍቷል፣ ስልክ ተቀጥሏል፣ አውሮፕላን መቀሌ አርፏል። ነገር ግን ሰነዱን የመምህሩን ጥያቄ ይዤ ሳነበው ገጹ ይሳሳብኛል። ስምምነቱ የሕወሓት ተዋጊዎች ቀላል መሣሪያ ጭምር በ30 ቀን ውስጥ ትጥቅ እንዲፈቱ ይላል። ከአሥር ቀን በኋላ፣ ኅዳር 3 ቀን፣ የመከላከያው ፊልድ ማርሻል ብርሃኑ ጁላና የትግራይ ኃይሎች አዛዥ ጄኔራል ታደሰ ወረደ በናይሮቢ የፈረሙት ሰነድ ደግሞ የከባድ መሣሪያውን ርክክብ የውጭ ኃይሎችና ከመከላከያ ውጪ ያሉ ታጣቂዎች ከክልሉ ከመውጣታቸው ጋር አያያዘው። እነዚያ ኃይሎች፣ ማለትም የኤርትራ ጦርና የአማራ ክልል ታጣቂዎች፣ በፕሪቶሪያም በናይሮቢም ጠረጴዛው ላይ አልነበሩም። ያልተቀመጠ ሰው ቃል አልሰጠም፤ ቃል ያልሰጠ ሰው ደግሞ በምን ይያዛል? የአማራ ሕዝብም በደጁ ስለተካሄደው ጦርነትና ስለ ወልቃይት ጉዳይ በተነጋገረው ድርድር ላይ ድምፁ እንዳልተሰማ ተሰማው። ያ ቅሬታ ብቻውን በኋላ በአማራ ክልል የተነሣውን ጦርነት አላመጣም፤ ግን ካመጡት ነገሮች መካከል አንዱ ነበር።

አፈጻጸሙን እንዲከታተል በኅብረቱ ሥር የተቋቋመው ተቆጣጣሪ ቡድን አሥር ገደማ አፍሪካውያን ባለሙያዎችን የያዘ ነበር። በታኅሣሥ 2015 መቀሌ ላይ ሥራ ጀመረ። አሥር ሰው! በመቶ ሺሕዎች በተሰለፉበት ጦርነት፣ ከሁመራ እስከ ዛላምበሳ ለተዘረጋ ምድር። የባለሙያዎቹን ትጋት አልነቅፍም፤ የተሰጣቸው ሥልጣን አይቶ መናገር እንጂ ሱቅ ዘግቶ ደጃፍ መቆም አልነበረም። ተፈራራሚዎቹ በኅብረቱ ሰብሳቢነት አፈጻጸሙን በስፋት ለመገምገም አዲስ አበባ ላይ የተቀመጡት መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ ከፊርማው ከአንድ ዓመት ከአራት ወር በኋላ። በዚያን ጊዜ ከምዕራብ ትግራይ የተፈናቀሉት አሁንም በመቀሌና በሽሬ በትምህርት ቤቶችና በመጠለያዎች ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ፈራሚው ራሱ ተለወጠ። ሕወሓት ለሁለት ተከፈለ፤ አቶ ጌታቸው በ2017 ዓ.ም. ከጊዜያዊ አስተዳደሩ ፕሬዚዳንትነት ተነሥተው በጄኔራል ታደሰ ተተኩ፤ በግንቦት ወር የምርጫ ቦርድ የፓርቲውን ሕጋዊ ምዝገባ ሰረዘ። ከሁለቱ ፈራሚዎች አንደኛው በሕግ ፊት ፓርቲነቱን ካጣ፣ ቃሉ ከማን ጋር ነው ያለው? ይህን ጥያቄ ፕሪቶሪያ ላይ ማንም አላነሣውም፤ ወይም ተነሥቶ ቢሆን እንኳ ሰነዱ ላይ መልስ አላገኘም።

ዋስ የሌለው ዕርቅ አዲስ ነገር አይደለም። የጎረቤትን ጦርነት ያስታረቀችው አዲስ አበባ ይህን ቀድማ አይታዋለች። የካቲት 19 ቀን 1964 ዓ.ም. በዚህችው ከተማ የሱዳን መንግሥትና የደቡቡ አኛኛ ንቅናቄ የአዲስ አበባን ስምምነት ፈረሙ። ጠረጴዛውን ያዘጋጁት የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤና የመላው አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ናቸው፤ ከበላያቸው ግን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። ድርድሩ የተጣበቀው በጦሩ ጉዳይ ነው። ደቡቦቹ መሣሪያችንን አስረክበን በሰሜን ጦር መሐል እንዴት እንተኛለን አሉ። ጉዳዩ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ቀረበና በደቡብ የሚሰፍረው ጦር 12,000 እንዲሆን፣ ግማሹ 6,000 ከደቡብ፣ ግማሹ ከተቀረው አገር እንዲውጣጣ ተወሰነ። ቁጥሩን ልብ ይሏል፤ ይህ የፍርሃት ሒሳብ ነው። አንድ ወገን ብቻውን ሌላውን እንዳይበላው፣ ዋስትናው እዚያው በሰፈሩ ውስጥ ተተከለ።

ንጉሡ ገለልተኛ ነበሩ? አልነበሩም። የኤርትራ ተዋጊዎች በሱዳን በኩል ይተላለፉ ነበር፤ ካርቱምን ወዳጅ ማድረግ ለኢትዮጵያ ጥቅም ነበር። ሆኖም ያ ጥቅም ስምምነቱን አላበላሸውም፤ እንዲያውም ንጉሡ ዕርቁ እንዲጸና የሚፈልጉበት የራሳቸው ምክንያት ሰጣቸው። ሰላሙ አሥራ አንድ ዓመት ቆየ። ግን ዋሱ አንድ ሰው ነበርና፣ በመስከረም 1967 ሰውየው ከዙፋን ሲወርዱ ዋስትናውም አብሮ ወረደ። በ1975 ዓ.ም. በደቡቧ ቦር ከተማ የሰፈሩ ወታደሮች አመፁ፤ የሱዳኑ ፕሬዚዳንት ኒሜሪ ደቡቡን በሦስት ከፋፈሉት፤ ጆን ጋራንግ ንቅናቄያቸውን መሠረቱ። የጋራንግ ሠራዊት የሠለጠነውና የታጠቀው የት ነው? በጋምቤላ፣ በደርግ ድጋፍ። ትናንት ለዕርቁ ዋስ የነበረች አገር ለሁለተኛው ጦርነት ጥይት አቀባይ ሆነች። ይህን የምጽፈው አገሬን ለመክሰስ አይደለም፤ አንድ መንግሥት የሰጠው ዋስትና ዕድሜው የዚያ መንግሥት ጥቅም ዕድሜ ብቻ መሆኑን ከእኛ ታሪክ ውጪ ፍለጋ መሄድ ስለማያስፈልግ ነው።

ከዚያ በተቃራኒው ጫፍ የለንደኑ ድርድር አለ። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ከአገር ወጡ። በሳምንቱ ለንደን ላይ የአሜሪካው የአፍሪካ ጉዳዮች ረዳት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኸርማን ኮኸን በአደራዳሪነት ተቀመጡ፤ ከመንግሥት አቶ ተስፋዬ ዲንቃ፣ ከኢሕአዴግ፣ ከሻዕቢያና ከኦነግ መሪዎቻቸው መጡ። የተጠራው ድርድር ነበር፤ የተጠናቀቀው ግን ኢሕአዴግ ወደ አዲስ አበባ እንዲገባ አሜሪካ በመደገፏ ነው። አቶ ተስፋዬ ጥለው ወጡ። ግንቦት 20 ማለዳ ታንኮቹ ገቡ፤ እኛ ካዛንቺስ ላይ በቤተ መንግሥቱ በኩል የሚመጣውን ተኩስ አልጋ ሥር ሆነን ሰማን።

ስለዚያ ቀን ሰው እስከ ዛሬ ሁለት ነው። አንዱ «ኮኸን አገሪቱን ለአማፂ አስረከበ» ይላል፤ ሌላው «ጦሩ ፈርሶ፣ ከተማዋ ልትዘረፍ ስትል ሥርዓት አስያዘ» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ሞቃዲሾ በዚያው ዓመት የደረሰባትን ያየ ሰው የጎዳና ላይ ጦርነት አለመነሣቱን እንደ ትንሽ ነገር አይቆጥረውም። ግን አሜሪካ በዚያ ሳምንት የራሷ ጉዳይም ነበራት፤ ግንቦት 16 እና 17 ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተጓጉዘዋል፣ ለዚህም 35 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሏል። ዋሽንግተን ይህ በሰላም እንዲያልቅ በብርቱ ደክማለች። ሽማግሌው ገላጋይ ሆኖ ጀመረ፣ ፈራጅ ሆኖ ጨረሰ፣ ዋስ ሳይሆን ሄደ። በዚያች ሳምንት የተሸነፉት ባለሥልጣናት አንዳንዶቹ በጣሊያን ኤምባሲ ተጠለሉ፤ ተጠባባቂ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሌተና ጄኔራል ተስፋዬ ገብረ ኪዳን ከዚያ ግቢ ሳይወጡ በ1996 ዓ.ም. አረፉ። ሁለት ሌሎች ደግሞ ሠላሳ ዓመት ገደማ ኖሩበት። በዚያ አጥር በኩል ያለፈ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ያልተቋጨ ድርድር ምን እንደሚመስል አይቷል።

እንግዲህ ስለ ገለልተኝነት። በእኛ ሽምግልና ሽማግሌው ባዕድ ሆኖ አያውቅም፤ ከእሱ ወገን ሁለት፣ ከእሷ ወገን ሁለት ነው የሚቀመጡት። የሚታመነው ወገን ስለሌለው ሳይሆን ወገኑ ስለሚታወቅና ነገም እዚያው ሰፈር ስለሚኖር ነው። የውጭ አገርም እንዲሁ ይታይ ባይ ነኝ። የጎረቤት አገር ጥቅሟ የታወቀ ከሆነ በጥቅሟ በኩል ማሰር ይቻላል። የሚያስፈራው ጥቅሙን ደብቆ «ምንም አልፈልግም» የሚል ነው። ኖርዌይ በስሪ ላንካ መንግሥትና በታሚል አማፂያን ጦርነት ውስጥ የቅርብ ጥቅም የሌላት፣ ንጹሕ የምትባል አደራዳሪ ነበረች። በ1994 ዓ.ም. የተኩስ አቁም ስምምነት አስፈረመች፤ ሁለቱም ወገኖች በአድልዎ ሲከሷት ቆዩ፤ በ2000 ዓ.ም. መንግሥት ስምምነቱን ቀደደው፤ በ2001 ጦርነቱ በአንዱ ወገን መደምሰስ አበቃ። ንጽሕናዋ ማንንም አልያዘም፤ የምትይዝበት እጅ አልነበራትምና።

በሌላ በኩል ሽማግሌ ሲበዛም ነገር ይበላሻል። የደቡብ ሱዳን ጦርነት ታኅሣሥ 2006 ሲፈነዳ ኢጋድ በአምባሳደር ስዩም መስፍን ሰብሳቢነት አደራዳሪዎቹን አዲስ አበባ አስቀመጠ። ጥር 15 የተኩስ አቁም ተፈረመ፤ ብዙም ሳይቆይ ተጣሰ። የኡጋንዳ ጦር፣ የኢጋድ አባል አገር ጦር፣ በዚያው ጊዜ ከፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪር ጎን ይዋጋ ነበር። የአማፂያኑ መሪ ሪክ ማቻር ነሐሴ 11 ቀን 2007 አዲስ አበባ ላይ ሲፈርሙ ኪር ሳይፈርሙ ሄዱ፤ ከቀናት በኋላ ጁባ ላይ የቅሬታቸውን ዝርዝር አያይዘው ፈረሙ። ዝርዝሩ ራሱ ነገሩን ተናግሯል። በሐምሌ 2008 ጁባ ዳግም በደም ተነከረች።

የሱዳን የአሁኑ ጦርነት ይህን አባዝቶ ደገመው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 በአገሪቱ ጦርና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ተጀመረ፤ ከወር ያነሰ ጊዜ ውስጥ ሳዑዲ ዓረቢያና አሜሪካ ጅዳ ላይ አስፈረሙ፤ ሐምሌ 3 ቀን ኢጋድ ያቋቋመው የአራት አገሮች ቡድን አዲስ አበባ ላይ ስብሰባ ጠራ። የሱዳን ጦር በኬንያ ሰብሳቢነት ላይ ተቃውሞ ስለነበረው አልተገኘም። ጄኔራሎቹ አንዱ መድረክ ሲከብዳቸው ወደ ሌላው ይሸሻሉ። ካርቱምን ጥለው የመጡ ሱዳናውያን ዛሬ በቦሌ በየሻይ ቤቱ ታገኟቸዋላችሁ። አንዲት እናት፣ ልጇን ጉልበቷ ላይ አስተኝታ፣ በስልኳ የድርድር ዜና ስትከታተል አይቻለሁ። አንብባ ጨረሰችና ስልኩን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ የልጇን ጫማ ክር መልሳ ማሰር ጀመረች።

የተሳካም አለ። የኬንያን ድርድር እዚህ ላይ ማንሣት ግድ ነው። ከምርጫው ግርግር በኋላ ኮፊ አናን፣ ግራሳ ማሼልና ቤንጃሚን ምካፓ ናይሮቢ ገቡ። አናን ሌላ አደራዳሪ ጎን ለጎን እንዳይሠራ አጥብቀው ያዙ፣ አገሩንም ለቀው አልሄዱም፤ ከወር በላይ ቆዩ፤ የካቲት 20 ቀን 2000 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ኪባኪና ተቀናቃኛቸው ኦዲንጋ ፈረሙ። ከዚያ በኋላ ያለው ነው ትምህርቱ። ስምምነቱ ወዲያው ወደ ፓርላማ ሄዶ ሕግ ሆነ፤ በሁለት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ አዲስ ሕገ መንግሥት በሕዝበ ውሳኔ ጸደቀ። ዋስትናው ከአናን እጅ ወጥቶ በኬንያውያን ፓርላማ፣ ፍርድ ቤትና ጋዜጣ እጅ ገባ። አናን ሲሄዱ የቀረው ባለሱቅ አገሬው ነበር።

የእኛን ነገር ከዚህ አንጻር ሳየው እጨነቃለሁ። መንግሥትና የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት፣ መንግሥት «ሸኔ» የሚለው፣ ታንዛኒያ ላይ ሁለት ጊዜ ተቀመጡ፤ በሚያዝያ 2015 ዛንዚባር፣ በኅዳር 2016 ዳሬሰላም። ሁለቱም ያለ ስምምነት አበቁ፤ ወለጋ ላይ ያለው ገበሬ ምን እንደቀረበ፣ በምን እንደተጣበቀ ከሁለት እርስ በርስ ከሚካሰሱ መግለጫዎች በቀር ያወቀው የለም። በአማራ ክልል ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ያለው ጦርነትም ስንቱን ቤት ዘግቷል። የፋኖ ኃይሎች ለረጅም ጊዜ አንድ አመራር ስላልነበራቸው ማን ከማን ጋር ይቀመጣል የሚለው ከባድ ጥያቄ ነው፤ «የውስጥ ጉዳያችን ነው» የሚለው መልስ ግን በኅዳር 2013 የተመለሱትን ሦስት ሽማግሌዎች ያስታውሰኛል።

ስለዚህ ነገ አንድ አገር «ላደራድር» ብሎ ቢመጣ፣ እኔ በበኩሌ ዜግነቱን አልጠይቅም። ጦርነቱ የሚነካቸው ሁሉ ወንበር አላቸው ወይ ብዬ እጠይቃለሁ፤ ጠመንጃ የያዙት ብቻ ሳይሆኑ የተፈናቀሉትም፣ ሚዛኑን የሚያውኩ ጎረቤት መንግሥታትም። የጊዜ ሰሌዳው ሲዛነፍ ምን እንደሚከተል በጽሑፍ ይኑር፤ የትኛው ዕርዳታ እንደሚዘገይ፣ የትኛው ባለሥልጣን እንደሚጠየቅ። ስምምነቱ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ክርክር ተደርጎበት ሕግ ይሁን። ተቆጣጣሪዎቹም በከተሞች ሆቴል የሚያድሩ አሥር ባለሙያዎች ብቻ አይሁኑ፤ በየወረዳው ያሉ ሽማግሌዎች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ የሴቶች ማኅበራት አብረዋቸው ይቁጠሩ፣ ይመዝግቡ። እነዚያ ሰዎች ከጠቡ በፊት እዚያ ነበሩ፤ ልዑካኑ ከሄዱም በኋላ እዚያው ናቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ነገ ሳይባል ዛሬውኑ ማድረግ ይቻላል። ተቆጣጣሪው ቡድን መቀሌ ከገባበት ቀን ጀምሮ ምን አየ፣ የትኛው አንቀጽ ተፈጸመ፣ የትኛው ቀረ፣ ማን አስቀረው የሚለው በትግርኛ፣ በአማርኛ፣ በአፋርኛና በኦሮምኛ ተተርጉሞ፣ በየቀበሌው ሰሌዳ ተለጥፎ፣ በሬዲዮ ተነቦ ለሕዝብ ይድረስ። በሽሬ መጠለያ ያለችው እናት ወደ ቤቷ ለመመለስ ቃል የገባላት ማን እንደሆነ በስም ትወቅ፤ ደጃፉም የት እንደሆነ።